አራተኛው እጥፍ

እነዚህን ባልና ሚስት ያወቅኳቸው ከፍቶኝ ነው። እናቴን በቀበርኩ በሁለተኛው ወር ሥራ ቦታ ቆሜ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አየችኝና፣ "አንቺ፣ እንዲህ ሆነሽማ አትዘልቂውም። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ አንድ ጠራዥ አለ፣ ለከፋው ሰው መጽሐፍ ያዝዛል። ሂጂና ታከሚ" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልሄድ የቀረሁበት ሳምንት ትንሽ ነው።

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም ያን ያህል አይደለም። ጻፊው ያለችኝ ሚስትየው ናት፤ የጻፍኩትም እሷ የነገረችኝን ነው። "አንቱ" እያልኩ ጀምሬ ሳነብላት፣ "አንቱ ስትይኝ ሌላ ሴትዮ የመጣች ይመስለኛል። እሱንም አንተ በይው፣ ዞር ብሎ ማንን ነው እንዳይል" አለችኝ። ስለዚህ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

ሰውየው መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት ጠርዟል። ሰፈሩ ግን "ሐኪሙ" ነው የሚለው። ሚስቱን እሱ "ወስፌ" ይላታል። ወስፌ ጥራዝ የሚበሱበት ሹል ብረት ነው። ሰውነቷም ቀጭን ነው፣ ምላሷም ይወጋል። "አገባሁ ስል ተወጋሁ" ይላል ለመጣው ሰው ሁሉ። እሷም ቀና ሳትል፣ "ባልወጋህ ኖሮ ክሩ በየት በኩል ያልፍልህ ነበር?" ትለዋለች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው መሥሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መኖሪያ። መስኮቱ የሚያየው የፎቶ ኮፒ ቤቱን ግድግዳ ነው፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ በብሎን የሚጠበቅ የብረት መጭመቂያ አለ፣ ሙጫ የሚፈላበት ቆርቆሮ አለ፣ ክሩ ሰም ተቀብቶ በየምስማሩ ተንጠልጥሏል። ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ፣ እንደገና ሲታጠፍ፣ ሦስተኛም ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ያንን እጥፍ ይሉታል። መጽሐፍ ማለት እንግዲህ የእጥፍ ክምር ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ይሰፋል። እጥፉን የሚደረድረውና የሚሰፋው እሱ ነበር። እሷ ሙጫ ታፈላለች፣ ካርቶን ትቆርጣለች፣ ጨርቅ ታለብሳለች።

ከበሩ በስተግራ አንድ መደርደሪያ አለ። ጀርባቸው ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ሠላሳ መጽሐፎች አሉበት። ሰው ሊያስጠርዝ አምጥቷቸው ሳይመለስ የቀረባቸው ናቸው። ሐኪሙ ዓመት ሲጠብቅ ይቆይና፣ ባለቤቱ ሲቀር ያነባቸዋል። የሚያበረታ ሆኖ ካገኘው ሰማያዊ ያለብሰዋል። "ባለቤት ያጣ መጽሐፍና ሰሚ ያጣ ሰው እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ" ይላል።

አስተዛዘዙ የራሱ ነው። የከፋው ሰው ሲመጣ ወንበር ይሰጠዋል። "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ይላል። ሰውየው እስኪጨርስ አያቋርጠውም። ከዚያ ተነስቶ መደርደሪያው ጋ ይቆማል። ከቀብር ለተመለሰ ሰው የሚያስቅ መጽሐፍ አይሰጥም። መጀመሪያ ከሱ የባሰበት ሰው ያለበትን ይሰጠዋል፤ "የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ ነው መድኃኒቱ" ይላል። ቀጥሎ የሚያስቅ። ሦስተኛው ሰው አንድ ሥራ ጀምሮ ሲጨርስ የሚያሳይ ነው፤ ጀልባ ሲሠራ፣ አጥር ሲያጥር፣ ምንም ይሁን። ሰው ሲሠራ ማየት ያበረታል ብሎ ያምናል። መጽሐፉ ሲመለስ ደግሞ፣ "እንዴት ነበር?" አይልም። መዳፉ ላይ በጀርባው ያቆመውና ይለቀዋል። መጽሐፉ ራሱ የተነበበበት ጋ ይከፈታል። "ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነው የደከመህ። ውሰደውና ሃምሳ አንድን ሞክር" ይላል። ዋሽቶት የወጣ ሰው የለም።

ወስፌ ከነዚያ መጽሐፎች አንዱንም አላነበበችም ነበር። የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። "እኔ የመጽሐፍ ጀርባውን ነው የማውቀው፣ ፊቱን እሱ ያውቀዋል" ትል ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አስተማሪ ያስጠረዘውን መዝገበ ቃላት ይዞ እየሳቀ ገባ።

"ሐኪሙ፣ እኔ እኮ 'መ' ላይ ስደርስ በጭንቅላቴ መቆም ሊኖርብኝ ነው" አለ። ከፍቶ አሳያቸው። አንዱ እጥፍ ተገልብጦ ተሰፍቷል።

ሐኪሙ ፊቱ ጥቁር አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ወስፌ አየችውና ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

"እኔ ነኝ! ሙጫ ሳማስል ከጠረጴዛው ጣልኩት፣ አንስቼ አዟዙሬ አስገባሁት። እጄን ይቁረጠው!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሙጫሽን ብታማስዪ ምን ነበረበት?" አለ ሐኪሙ፣ ትንፋሹ እየተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጣት ከረመ። እሷም ቁጣውን ወደደችው፤ የሚቆጣው ጤነኛ ሰው ነው ብላ።

ግን ሁለተኛ መጣ፣ ሦስተኛ መጣ። ቁልፍ ከስኳር ዕቃ ውስጥ ተገኘ። አንድ ጠዋት በሟች እህቱ ስም ጠራት፣ እሷም "አቤት" አለች። ክሊኒክ ወሰደችው። እውነተኛው ሐኪም እሷን ብቻ ለይቶ አስገባና፣ "እማማ፣ ይሄ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይሄድም። ብቻ የለመደውን ሥራ አታስጥዪው፤ ሥራውን ሲጥል ነው ሰው ቶሎ የሚወድቀው" አላት። ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ፣ "ምን አለሽ?" አላት። "ደም ማነስ ነው፣ ሥጋ ይብላ አለኝ" አለችው። "እሰይ፣ ይሄ ሐኪም ጎበዝ ነው" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሥራ ያዘች። እሱ ምሳ በልቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል። መጋረጃው ጀርባ ማንኮራፋት ሲጀምር እሷ ጠዋት የሰፋውን ከመጭመቂያው ታወጣለች። ክሩን በምላጭ ትበጥሳለች። እጥፉን ታያለች፣ የተገለበጠውን ታቃናለች፣ የተዛወረውን ወደ ቦታው ትመልሳለች፣ እንደገና ትሰፋለች። አርባ ዓመት ሲሰፋ አይታለች፤ አይታ የማታውቀው ቋጠሮ የለም። ሲነቃ መጽሐፉ ጠዋት በተወው ቦታ ብሎኑ ስር ተጭኖ ያገኘዋል።

የገጽ ቁጥር ያለው ቀላል ነው። አስቸጋሪዎቹ አሮጌዎቹ ናቸው። በየጊዜው ዳራቸው በቢላ እየተስተካከለ ቁጥሩ ተቆርጦ አልቋል። የእነሱን ተራ ለማወቅ ማንበብ ግድ ነው። የአንዱን እጥፍ የመጨረሻ መስመር ታነብና ተከታዩን ፍለጋ የሌሎቹን መጀመሪያ ታነባለች። "ሰውየውም በሩን ከፍቶ" ይልና ያልቃል። በሩን ከፍቶ ምን? ይገባል? ይወጣል? ሰባት ስምንት እጥፍ ታገላብጣለች። ታገኘዋለች። አግኝታውም አታቆምም፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ ማንን እንዳገኘ ሳታውቅ መርፌ ማንሳት ያቅታታል። ስንት ጊዜ ሙጫው አርሮባታል!

በስልሳ ስድስት ዓመቷ አንባቢ የሆነችው እንዲህ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጣቷን እያስከተለች። ሳቋ ሲመጣ አፏን በሻርፗ ታፍናለች፣ እንዳይነቃ። "አርባ ዓመት ከዚህ ሰው ጋ ስተኛ ስነሳ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እቤቴ ውስጥ እንዳለ አላወቅኩም ነበር" ትላለች። አንብባ ስትጨርስ ልትነግረው ያምራታል። እንዴት ብላ ትንገረው? መቼ አነበብሽው ቢላትስ?

እሱ ደግሞ ሲነቃ መጽሐፉን ከብሎኑ ያወጣና በመስኮቱ ብርሃን ያየዋል። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ እጥፉ የተስተካከለ። ደስ ይለዋል። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት በመስኮት ይጠራዋል።

"ና እስቲ እይ! ይሄ የሰባ ዓመት ሰው እጅ ነው?"

"አንተን ዕድሜ ይስልሃል፣ እኛን ያደነዝዘናል" ይላል ጎረቤትየው። "ምን እያበላሽው ነው እትዬ?"

"ሥጋ" ትላለች ወስፌ። ሙጫዋን እያየች ነው የምትስቀው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለምነው፤ ሳያውቅ ይለፍ። መሞቱም አይቀርም፣ መርሳቱም አይቀርም፤ ግን እጁ እንደከዳው ሳያውቅ ይለፍ።

ዓመት ከአምስት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። አራት ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ሻይ ያጠጣት እሱ ነበር፤ አንዱን ቀን በስኳር፣ አንዱን ቀን በጨው። በአምስተኛው ቀን ግድግዳ ይዛ ተነሳች። ሐኪሙ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ፊቱ ፈክቷል።

"አንቺ ስትተኚ ሥራ የቆመ መሰለሽ? የጉድጓድ ቆፋሪው መጽሐፍ ተበታትኖ አልነበር? እንደ አዲስ ሰፋሁት። ሰማያዊውንም እኔው ራሴ አለበስኩት። ትናንት ለአንዲት ልጅ አዝዤላታለሁ።"

ወስፌ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ነው ከመጭመቂያው እግር ስር አንድ እጥፍ ወድቆ ያየችው። አነሳችው። ያን መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ዓምና ፈትታ ሰፍታዋለች፣ አልቅሳበታለች። በደረቅ መንደር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ታሪክ ነው። መሐል ላይ አንድ ልጁ ይሞትበታል። መቆፈሩን አይተውም። መጨረሻው ላይ ውሃ ይወጣል። እጇ ላይ ያለው እጥፍ ውሃው የሚወጣበት ነው።

"ለማን ነው ያዘዝክላት?"

"የሆስፒታሉ አንሶላ አጣቢ ናት። ልጇን ቀብራ አምስት ሳምንቷ። 'ገብቼ እወጣለሁ እንጂ ምን እንዳጠብኩ አላውቅም' አለችኝ።" ራሱን ነቀነቀ። "ሌላ ምን እሰጣታለሁ? ጉድጓድ ቆፋሪውን ነዋ።"

በማግስቱ ጠዋት እጥፉን በጋዜጣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ሆስፒታሉ ሄደች። ዘበኛው፣ "እማማ፣ ተመላላሽ ሕመምተኛ በዚያ በኩል ነው" አላት።

"እኔ ደህና ነኝ። የታመመው መጽሐፍ ነው" አለችው። ግራ ገብቶት አሳለፋት።

እጥበት ክፍሉ ከምድር ቤት ነው። እንፋሎቱ ዓይን ያለብሳል። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንሶላ ያጥፋሉ፤ ተራርቀው ይይዙታል፣ ተጠጋግተው ያገናኙታል፣ ደግሞ ይራራቃሉ። ጠራዥ ቤት ውስጥ ያለች መሰላት። አጣቢዋን ስትጠይቅ አንዲት ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ዓይኗ ስር ጠቁሯል።

"የጠራዡ ሚስት ነኝ ልጄ። ያ መጽሐፍ ሙጫው ሳይደርቅ ነው የተሰጠሽ። ለአንድ ቀን ብቻ ብወስደው ብዬ ነው።"

ልጅቷ ከልብስ ሳጥኗ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አወጣችው እንጂ አልሰጠቻትም። ደረቷ ላይ ያዘችው።

"እትዬ፣ ለአንድ ቀን ነው አይደል? ነገ ይመለስልኛል?"

"ምነው፣ ወደድሽው?"

"ልጁ ይሞታል" አለች አጣቢዋ። "አባትየው በገዛ አካፋው ነው አፈሩን የሚመልስበት። እዚያ ላይ ልወረውረው ነበር። ምነው እኚህ ሽማግሌ ብዬ ተቀየምኳቸው። ቀጣዩ ገጽ ላይ ልጁ እየሮጠ ይገባል። 'አባዬ፣ አንዱ ጫማዬ የት ገባ?' ይላል። አባትየው ምንም አይገርመውም። 'ከአልጋው ስር አላየኸውም?' ይለዋል።" ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። "የኔም እኮ እንደዚያ ነበር። አንዱን ጫማ ካገኘ ሌላው ይጠፋል። ከሥራ ስወጣ አውቶብስ እየጠበቅኩ እስከዚያ ድረስ አነባለሁ። ጫማውን እስኪያገኝ። ከዚያ እዘጋዋለሁ።"

"ከዚያ ወዲያስ?"

"ከዚያ ወዲያ ምን ያደርግልኛል እትዬ?"

ወስፌ ገባት። አራተኛው እጥፍ ነው። ልጁ በሕይወት እያለ ጫማ የሚፈልግበት አራተኛው እጥፍ ከቀብሩ እጥፍ ኋላ ተሰፍቷል። ብብቷ ስር ያለው ጋዜጣ እሳት ሆነባት። መጽሐፉን ወስዳ ብታቃናው ልጁ መጀመሪያ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ይሞታል፣ በቃ። በገዛ እጄ ሁለተኛ ልቅበረው? አለች በሆዷ። እንዳለ ብትተወው ደግሞ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን መጽሐፉን ይዛ መጥታ ለሐኪሙ "ልጁ ሲመለስ" ብላ ታወራዋለች። ያን መጽሐፍ እሱ በቃሉ ያውቀዋል። አትንገሪው እንዳትላት፣ ለምን ብትላት ምን ትመልሳለች? የተሳሳተ ነው ልትላት ነው?

መጽሐፉን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ሙጫው ደርቋል ለካ" አለች። "አያስፈልግም። መጽሐፉ ያንቺ ይሁን፣ አትመልሺው።"

"አባባ ግን ይመለሳል፣ ደንብ ነው ብለውኛል።"

"ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን። ያንቺ ነው አልኩሽ።"

ወጥታ የሆስፒታሉ አጥር ግንብ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ጋዜጣውን አራሰው።

ቤት ደርሳ እጥፉን ከፍራሽ ስር ከተተችው። ቁርስ መብላቱን የሚረሳ ሰው ያቺን ልጅ ግን አልረሳም። በየቀኑ፣ "አጣቢዋ አልመለሰችም? ከብዷት ይሆን?" ይላል። "ትመጣለች፣ ሥራ በዝቶባት ነው" ትለዋለች። በሆዷ ግን አትምጣ፣ አትምጣ ትላለች።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ሆስፒታሉ የጣላቸውን ሁለት አሮጌ አንሶላዎች አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ለጥራዝ ልባስ ብላ ይዛ ነው የመጣችው። መጽሐፉንም ይዛለች። ወስፌ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች።

"እትዬ አትመልሺው ብለውኝ ነበር" አለች አጣቢዋ፣ "ግን ሳላመሰግን መቅረቱን ሆዴ እምቢ አለ። አባባ፣ እህል መብላት ጀመርኩ። ትናንት ደግሞ ከሥራ ልጆቹ ጋ ስስቅ ራሴን አገኘሁት።"

"እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" ሐኪሙ ተነሳ። እንደ ልማዱ መጽሐፉን መዳፉ ላይ በጀርባው አቆመውና ለቀቀው።

ተከፈተ። በግራ በኩል አካፋው፣ በቀኝ በኩል ጫማው።

"እሱ ጋ ነው!" አለች አጣቢዋ። "ልጁ የሚመለስበት!"

ሐኪሙ አጎንብሶ አየ። አንድ ቅጠል ወደ ኋላ ገለጠ፣ ሁለት ወደ ፊት፣ ከዚያ መጨረሻውን። አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። የፎቶ ኮፒው ማሽን ሥራ ጀመረና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቆመ።

"አዎ" አለ በመጨረሻ። "እንደዚያ ነው የተጻፈው።"

"የጻፈውን ሰው እግዜር ይስጠው።"

"ይስጠው።" መጽሐፉን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰላት። "ያንቺ ነው። እትዬሽ ያለችሽ ልክ ነው።"

ልጅቷ ሁለቱንም ስማ ወጣች። ሐኪሙ በሩን ዘጋው፤ በቀን ዘግቶት አያውቅም።

"አራተኛው እጥፍ ከሰባተኛው ኋላ ገብቷል" አለ። "የመጨረሻው የለም።"

ወስፌ ወደ ውስጥ ገብታ ከፍራሹ ስር አመጣችለት። ተቀበላት።

"ታውቂ ነበር።"

"ትኩሳት ይዞኝ እኮ ነው። አንድ ቀን ነው፣ ሰው ይሳሳታል..."

"ወስፌ።"

የሙጫውን ቆርቆሮ ከእሳት አወረደች።

"መዝገበ ቃላቱም የኔ ነበር?"

"ያንተ ነበር።"

"ከዚያ ወዲህስ? ስንቱን ፈታሽ?"

"አልቆጠርኩም" አለችው። እውነቷን ነው።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ አያቸው፣ ገልብጦ መዳፋቸውን አየ።

"እኔ ደግሞ" አለ፣ "እጄ እየተሻለው ነው ብዬ ነበር።"

ይህን ብቻ ነው ያለው። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት፣ ሙጫውን ቢደፋባት ደስ ይላት ነበር። መርፌውን ክሩ ጥቅል ላይ ሰካው። ተነስቶ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ፤ የከፋቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ።

አሁን የምትጠርዘው እሷ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፉ ሲነሳ ደግሞ ታነብለታለች። በራሱ ደንብ ነው የምታዝዝለት። መጀመሪያ ከሱ የባሰበት ሰው ያለበትን አነበበችለት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀባት፣ ንባቧ ቀስ ያለ ነው። ስትጨርስ፣ "አየህ፣ የባሰ አለ" አለችው። "የታለ?" አላት። የሚያስቀውን አነበበችለት፤ ብቻዋን ሳቀች። ጀልባ የሚሠራውን ስታነብለት፣ ሰውየው ሳንቃ ሲልግ፣ ምስማር ሲመታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሁን ዘጠነኛው ላይ ናቸው። "ሠላሳውንም አነብለታለሁ" ትላለች። "ሠላሳ ሲያልቅ?" አልኳት። "እስከዚያ የመጀመሪያውን ይረሳዋል፣ እደግመዋለሁ።"

አንዳንድ ቀን ያንን ቅዳሜ ጨርሶ ይረሳዋል። ጠዋት ተነስቶ፣ "መርፌዬን ማን ወሰደው?" ይላል። ብትሰጠው ይሻላል ወይስ ብትነፍገው፣ እሷ አታውቅም። አንዳንዴ ትሰጠዋለች። ይሰፋል፣ ያፏጫል፣ እሷም ሲተኛ ትፈታዋለች። አንዳንዱን ቀን ግን እየሰፋ እያለ መሐል ላይ እጁ ይቆማል። ያየዋል። መርፌውን ራሱ መልሶ ይሰካዋል። እነዚያን ቀኖች ስታወራልኝ ፊቷን ወደ እኔ አታዞርም።

ይህን ከማሳተሜ በፊት አጣቢዋን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ነገሩን እንዴት እንደምጀምርላት ሳላውቅ ስንተባተብ አቋረጠችኝ።

"እኔ እኮ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል" አለችኝ። "የሞተ ልጅ እንደማይመለስ እኔ ነኝ የማላውቀው? ከቦታው ተነስቶ እንደተሰፋ ያስታውቃል። ግን እትዬም ምንም አላሉኝ፣ አባባም እንደዚያ ነው የተጻፈው አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። እሳቸውን እንደሚጎዳ ባውቅ፣ እትዬ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ አፌን እይዝ አልነበር?"

ይህን ለወስፌ ነገርኳት። "ብነግራት ኖሮ..." አለች። ሳትጨርሰው ወደ ሙጫዋ ዞረች።

ላነበባችሁልኝ አንድ ልመና አለኝ። ሐኪሙ መታመሙ በሰፈሩ ከተሰማ ወዲህ ሰው እግሩን አሳጥሯል። ገሚሱ አዝኖለት ነው፣ ገሚሱ ምን እለዋለሁ ብሎ ነው። ግን እጥፍ መደርደር ቢያቅተውም ሰው መስማት አላቃተውም። በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የከፋው ሰው ገብቶ ሲቀመጥና ማውራት ሲጀምር ሐኪሙ ቀና ይላል። ሳያቋርጥ ይሰማል። ተነስቶ መደርደሪያው ጋ ሲሄድ አረማመዱ ሌላ ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል ወስፌ ባሏን ታገኘዋለች፤ ካርቶን እየቆረጠች በጎን ታየዋለች።

ስለዚህ እባካችሁ ሂዱ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ደረጃ ወርዳችሁ አረንጓዴው በር ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ይተኛል። የሆዳችሁን ንገሩት፤ ትንሽም ብትሆን አትናቋት፣ እሱ አይንቃትም። ባለፈው የሰጣችሁን መጽሐፍ ደግሞ ቢሰጣችሁ ተቀበሉት። ስትመልሱትም በሰው አትላኩት፣ ራሳችሁ ውሰዱት። ወስፌ በሩን ከሁለት ሰዓት ጀምራ ትከፍታለች።